«ትምባሆ» ወይስ «ትንባሆ»?

ጥያቄ፦ አንዳንዱ «ትምባሆ»፣ አንዳንዱ «ትንባሆ» ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ የቱ ነው? ቃሉስ ከየት መጣ? «ኒኮቲን» ከሚለው ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ እኔ ግን «ትምባሆ»ን እመርጣለሁ። «ን» ከ«ብ» በፊት ሲመጣ በአፋችን ወደ «ም» ያደላል። «ወንበር» ብለን ጽፈን «ወምበር»፣ «ዝንብ» ብለን ጽፈን «ዝምብ» የምንለው ለዚህ ነው። በ«ወንበር» ጽሕፈቱ «ን»ን እንደያዘ ጸና፤ በ«ትምባሆ» ግን አፍ አሸንፏል።

ይቺው «ም» የቃሉን መንገድም ትጠቁማለች። ስፔኑም ጣሊያኑም «ታባኮ» ነው የሚለው፤ «ም» የለበትም። ፋርሱ «ታንባኩ»፣ ዐረቡ «ቱንባክ»፣ ስዋሂሊው «ቱምባኩ» ይላል። የእኛ ቃል ዘመዶች እነዚህ ናቸው። በቀጥታ ከጣሊያን ብንወስደው ኖሮ «ም»ን ከየት እናመጣት ነበር?

ሥሩ አከራካሪ ነው። ተክሉ የአሜሪካ ነው፤ አውሮፓውያን ያወቁት ኮሎምበስ በ1492 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ካሪቢያን ከደረሰ በኋላ ነው። ኦቪዬዶ የተባለው ስፔናዊ ታሪክ ጸሐፊ «ታባኮ» የአገሬው ሰዎች ጭሱን በአፍንጫ የሚስቡበት ባለ ሁለት ቀንድ ቧንቧ ስም ነው ሲል፣ ላስ ካሳስ የተባለው ስፔናዊ መነኩሴ ደግሞ የተጠቀለለው ቅጠል ስም ነው ይላል። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም ተክሉን አላሉም! ሦስተኛ ወገን ዐረብኛውን «ጡባቅ» ያነሳል። ይህ የመድኃኒት ቅጠል ስም ከኮሎምበስ በፊት ስፔን ገብቶ ነበር። እኔ ይህን ሐሳብ አልንቀውም፤ መንገደኛ ያላየውን ቅጠል ሲያይ የሚያውቀውን ስም ይለጥፍበታልና።

«ኒኮቲን» ዝምድና የለውም። ዣን ኒኮ በፖርቱጋል የፈረንሳይ አምባሳደር ነበር፤ በ1560 ገደማ ተክሉን በመድኃኒትነት ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ላከ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ዝርያውን በእሱ ስም «ኒኮቲያና» አለው፤ በ1828 ከቅጠሉ ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገርም «ኒኮቲን» ተባለ። ኒኮቲን የሚሠራው ሥሩ ውስጥ ነው፤ ወደ ቅጠሉ ወጥቶ ተባይ ያባርራል። ትምባሆ የተዘፈዘፈበት ውኃ ለረጅም ጊዜ ፀረ ተባይ ሆኖ ያገለገለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ትምባሆ» ተክሉና ቅጠሉ ነው፤ ተጠቅልሎ ሲጨስ «ሲጋራ»፣ ተፈጭቶ በአፍንጫ ሲሳብ «ሱረት» ይባላል። ስለዚህ «የሲጋራ እርሻ» የሚል ጽሑፍ እጅዎ ከገባ «የትምባሆ እርሻ» ብለው ያርሙት።