ስለ ባርነት የተጻፈ ልብ ወለድ ለምታነቡ ወጣቶች

ዕድሜዬን የጨረስኩት በአርታኢነት፣ የሰው ጽሑፍ ሳገላብጥ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ይሄን መጽሐፍ ግማሹ ሰው ያወድሰዋል፣ ግማሹ ያወግዘዋል። ማንን እንመን?» ልብ ወለዱ ስለ ባርነት ሲሆን ደግሞ ክርክሩ ይጦፋል። አንድ የታወቀ ጉዳይ ላንሳላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1831 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ናት ተርነር የሚባል በባርነት የተያዘ ሰባኪ አመፅ መራ። 55 ያህል ነጮች ተገደሉ። በአጸፋው ከአመፁ ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው ብዙ ጥቁሮች ተጨፈጨፉ። ተርነር ሁለት ወር ገደማ ተደብቆ ተያዘና ተሰቀለ። ከመሰቀሉ በፊት ቶማስ ግሬይ የተባለ ነጭ ጠበቃ እስር ቤት ገብቶ ቃሉን ጻፈ። ስለ ሰውየው ያለን ዋናው ሰነድ ይህች አጭር ጽሑፍ ናት። እሷም ብትሆን በሌላ ሰው እጅ ያለፈች ናት፤ ይህን ልብ በሉ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዊልያም ስታይረን የተባለ የቨርጂኒያ ተወላጅ ነጭ ደራሲ ይህን ታሪክ በልብ ወለድ አወጣው። የጻፈው በተርነር አንደበት፣ «እኔ» እያለ ነው። በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አሥር ጥቁር ጸሐፊዎች ተሰባስበው መልስ የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙበት። በዋዛ የተጻፈ መልስ እንዳይመስላችሁ!

ቅሬታቸው ምን ነበር? በልብ ወለዱ ውስጥ ተርነርን ማንበብ የሚያስተምሩት የጌታው ቤተሰቦች ናቸው። ግሬይ በጻፈው ቃል ግን ተርነር ለትልቅ ነገር እንደተፈጠረ የነገሩት አባቱና እናቱ ናቸው፤ አያቱንም በሃይማኖተኝነቷ ያነሳታል። በዘመኑ ጋዜጣ ሚስት እንዳለችው ተጽፏል፤ በልብ ወለዱ ሚስት የለችም። በእሷ ምትክ ማርጋሬት ዋይትሄድ የምትባል ነጭ ልጃገረድን ይመኛል። ተርነር ይህችን ልጅ በእጁ እንደገደላት ተናዟል፤ ስለ ምኞት ግን በቃሉ ውስጥ አንዲት መስመር የለም።

በሌላ በኩል ጄምስ ቦልድዊን፣ ያ ታላቅ ጥቁር ደራሲ፣ የስታይረን ወዳጅ ነበርና መጽሐፉን ደገፈው። ጆን ሆፕ ፍራንክሊን የተባሉት ጥቁር የታሪክ ምሁርም በበጎ ጽፈውለታል። እንግዲህ ነገሩ ነጭ አንባቢና ጥቁር አንባቢ ተብሎ ለሁለት የሚከፈል አይደለም። ጊዜውንም አትርሱት። መጽሐፉ የወጣው ኒዋርክና ዲትሮይት የተባሉት የአሜሪካ ከተሞች በጥቁሮች አመፅ በተቃጠሉበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ብዙ ጥቁር አንባቢ ይፈልግ የነበረው ቆራጥ ጀግና ነው። የመጣለት ግን የሚጠራጠር፣ በምኞት የሚሰቃይ ሰው ነው።

የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ አሥሩ ጸሐፊዎች ስለ ሚስቲቱና ስለ ወላጆቹ ያሉት ልክ ነው። ነጭ ስለ ጥቁር አይጻፍ የሚል ሰው ካለ ግን አልቀበለውም። ሰነድ ዝም ባለበት ቦታ መፍጠር የደራሲ መብት ነው። «ከሁሉ መርጠህ ይሄንን ለምን ፈጠርክ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የአንባቢ መብት ነው። ስታይረን ክፍተቱን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሞላው፤ ቅር የሚለኝ እሱ ነው። እንዲህም ሆኖ የመጽሐፉ አጻጻፍ ያምራል። ሁለቱ ነገሮች አብረው ይኖራሉ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልብ ወለዱን ጨርሱ። ከዚያ የግሬይን ጽሑፍ አንብቡ፤ አንድ ምሽት ይበቃል። ተቃዋሚዎቹንም አንብቡ። ሌላ ሰው ለመጽሐፉ በኮከብ የሰጠውን ደረጃ ብቻ አይታችሁ አስተያየት አትጻፉ፤ ይሄ ነገር ሲበዛ ያናድደኛል።

ደግሞ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው እንዳትሉ። በእኛም አገር ባርነትን በሕግ የሚያስቀር አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። እናንተ በምትሰበሰቡበት የንባብ ክበብ ውስጥ የባሪያ ጌታ የነበረ ሰው የልጅ ልጅና የተሸጠ ሰው የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሆናል። ይህን ስለማታውቁ፣ አንዱ በመጽሐፉ ሲከፋ «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ምን አካበድከው?» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ገጽ ላይ እንደተከፋ ጠይቁት።