ድንጋይ ቀብቶ መደበቅ አዲስ አበባ ውስጥ ያዋጣል ወይ?

«ልጆቼ 6 እና 10 ዓመታቸው ነው፤ ክረምቱን ስልክ ላይ ተጥደው ሊጨርሱት ነው። ውጭ አገር ቤተሰብ ድንጋይ ቀብቶ ሌላ ሰው እንዲያገኘው መናፈሻ ውስጥ ሲደብቅ በቪዲዮ አይቻለሁ። እዚህ መሃል ከተማ ያዋጣል ወይ?» ብለሻል እህቴ።

ያዋጣል። እኛ አራት ኪሎ ነን፤ ልጆቼ ከለመዱት ቆይተዋል። ግን ቪዲዮ ላይ እንዳየሽው እናድርገው ካልሽ ትቸገሪያለሽ። መቀባቱ ቀላል ነው። ጣጣው መደበቁ ላይ ነው።

ለምን መሰለሽ? እኛ ከተማ ጎንበስ ብሎ አጥር ሥር ነገር የሚያስቀምጥ ሰው ዝም አይባልም። ጥበቃው «ምንድን ነው እሱ?» ማለቱ አይቀርም፤ ሥራው ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ መተት ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ቀይና ጥቁር የተቀባ ድንጋይ ደጁ ላይ ያገኘ ሰው «ልጆች ሲጫወቱ ነው» ብሎ አያልፍም። ቤቱን ጸበል ያስረጫል። ቀልድ ከመሰለሽ እናትሽን ጠይቂያቸው።

ስለዚህ የሰው ደጅ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ቅጥር፣ የመሥሪያ ቤትና የኤምባሲ አጥር አይሆንም። አንድነት ፓርክም ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚገባው በፍተሻ ነው። አንድ ቦርሳ ድንጋይ ይዘሽ ምን ልትዪ ነው? ብሔራዊ ሙዚየምንም ተዪው። እነሱ የራሳቸው የጥንት ድንጋይ አላቸው፤ የኛን አንጨምርባቸው።

የሚሻለው ሰው አረፍ የሚልበት ቦታ ነው፤ የመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ጫፍ፣ የዛፍ ሥር፣ የአበባ መደብ ጠርዝ። ግማሹ ይታይ። ሣር ውስጥ ግን በፍጹም፤ የሣር ማጨጃው ማሽን ድንጋይ ካገኘ አስፈንጥሮ ሰው ይመታል። መጀመሪያ ልጁ ራሱ ለጥበቃው ወይም ለአትክልተኛው ያሳይ፣ ያስፈቅድ። አንድ ጥበቃ መጀመሪያ ፊቱን አጨማዶብን ነበር፤ በኋላ ለራሱ ልጅ አንድ አስመርጦ ወሰደ።

ሌላው ዋናው ነገር ጀርባው ላይ የሚጻፈው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ ባሕር ዳርቻ ሜጋን መርፊ የምትባል ሴት አጽናኝ ቃል ድንጋይ ላይ እየጻፈች መተው ጀመረች፤ ነገሩን በዓለም ካስታወቁት አንዷ እሷ ናት። እኛ ግን ከአጽናኝ ቃሉ በፊት ማብራሪያ ያስፈልገናል። «የልጆች ሥዕል ነው። ያገኘ ይውሰድ፣ ወይም ሌላ ቦታ ያስቀምጥ» ብለሽ ጻፊበት። ስምና ስልክ አትጻፊ።

«ድንጋዩ ይወሰዳል ወይ?» ካልሽኝ፣ አዎ ይወሰዳል። የልጄን አንዱን ድንጋይ ያገኘነው አራት ኪሎ መሬት ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ጋ ነው፤ ንፋስ እንዳይወስድበት ጋዜጣው ላይ ጭኖታል። ልጄ መጀመሪያ «ይመልስልኝ» ብላ አኮረፈች። አሁን ለጋዜጣ የሚሆን ከበድ ከበድ ያለ ድንጋይ መርጣ ትቀባለታለች።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። የኛ ከተማ ድንጋይ በብዛት ጥቁርና ሻካራ ስለሆነ ቀለም ይውጣል። ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች ለስላሳ ጠጠር ግዢ፤ ልጆቹን ወንዝ ዳር አትላኪ፤ የቀበናና የቀጨኔ ውሃ ቆሻሻ ነው። ድንጋዩን በሳሙና አጥበሽ አድርቂው። ግድግዳ ተቀብቶ የተረፈ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ካለሽ ሁለት ጊዜ ደርቢበት፤ ከዚያ አክሪሊክ የሚባለውን የሥዕል ቀለም። የተማሪ የውሃ ቀለም አይሆንም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል። ለትንሿ ብሩሽ ከምትሰጫት ስቴኪኒ ስጫት፤ ጫፉን ቢጫ እየነከረች ነጥብ ነጥብ ታድርግ፣ አደይ አበባ ይወጣላታል። ማድረቂያ የእንቁላል ካርቶን ይበቃል። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ፤ ይሄ ያንቺ ሥራ ነው፣ ሽታው ስላለ ውጭ ሆነሽ። በማርከር የተጻፈ ጽሑፍ ቫርኒሽ ሲነካው ሊፈስ ስለሚችል ትርፍ ድንጋይ ላይ ሞክሪው።

በኔ ሐሳብ ክረምቱን ቤት ውስጥ ቀቡ፣ ማስቀመጡን ለመስከረም አቆዩት። ዝናቡ ይቀንሳል፣ እንቁጣጣሽም ነው። ድሮ ወንዶቹ ሥዕል ሠርተን ለጎረቤት እንሰጥ አልነበር? ድንጋዩንም እንደዚያው በእጅ መስጠት ይቻላል። የሰፈር ሰው ከእጃቸው ሲቀበል የመተቱ ነገርም አይነሳም።

የ10 ዓመቱ «የሕፃን ሥራ ነው» ካለ አምስት እኩል ጠጠር አስመርጪውና የቅልልቦሽ ይሥራበት። የኔው ትልቁ የተመለሰው በዚያ ነው። ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን ትንንሾቹን ጠጠሮች ከፍ አድርጊ፤ አፉ ውስጥ ይከታቸዋል።