የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወጌሻውም ቅባቱም ያልፈታው የሯጭ ህመም

ሰሞኑን የሩጫ ጥያቄ በርክቶብናል። አንዱ ታፋዬ ይላል፣ ሌላው ብሽሽቴ፣ ሌላው መቀመጫዬ። ሁሉም ግን «ወራት አለፈው፣ አልለቅ አለኝ» ነው የሚሉት። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? 34 ዓመቴ ነው፣ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ እሮጣለሁ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ እንወጣለን። ከታላቁ ሩጫ ወዲህ ቀኝ መቀመጫዬ ስር፣ ልክ አጥንቱ ላይ ያመኛል። ሲሞቀኝ ይተወኛል፣ ዳገት ላይ ይብሳል፣ ሥራ ላይ ስቀመጥ ግን አያድርስ ነው። ወጌሻ ጋ ተመላልሻለሁ፤ ሲያሸኝ ለዕለቱ ይሻለኛል። ጓደኞቼ «ጅማትህ አጥሮ ነው፣ ሳበው» ስለሚሉኝ በየቀኑ እየጎነበስኩ እስባለሁ። ለውጥ የለም። ምን ላድርግ? (ከገርጂ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሳቡን ተው።

ሯጮች ሃምስትሪንግ የሚሏቸው የታፋ የኋላ ጡንቻዎች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የሚነሱት ከዚያው ከምትቀመጥበት አጥንት ነው። እዚያ ጋ ጡንቻውን ከአጥንቱ የሚያያይዘው ጅማት ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይታመማል። የጻፍካቸው ምልክቶች በሙሉ ወደዚህ ያመለክታሉ። አሁን ችግሩን ተመልከት፦ ጎንበስ ብለህ ጣትህን ለመንካት ስትታገል ጅማቱ መወጠሩ ብቻ አይደለም፣ አጥንቱ ላይ ይጨፈለቃል። የመኪናው ወንበርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በየቀኑ መሳብህ ያልደረቀ ቁስልን በየቀኑ እንደመነካካት ነው።

ወጌሻውን አልነቅፍም። ማሸት በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ያፍታታል፣ ሰውም ቀለል ይለዋል። አጥንቱ ላይ በአውራ ጣት መፈተግ ግን ጅማቱን ያስቆጣዋል እንጂ አያድነውም። ጅማት የሚድነው ሸክምን ቀስ በቀስ ሲለምድ ነው። ሙሉ ዕረፍትም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ አንድ ወር ተኝተህ ስትመለስ ህመሙን እዚያው ታገኘዋለህ፣ ምክንያቱም ያረፈ ጅማት አቅም ያጣል።

እንዲህ ጀምር። በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ በተረከዝህ መሬቱን ተጭነህ መቀመጫህን ከመሬት አንሳና 45 ሴኮንድ ያዝ። አምስት ጊዜ፣ በመሃል ሁለት ደቂቃ ያህል እያረፍክ። ሲቀልህ ተረከዝህን ትንሽ አርቀው፣ ከዚያ በአንድ እግር አድርገው። ቀጥሎ ክብደት ይመጣል፦ ጂም ውስጥ ያለው የእግር ማጠፊያ ማሽን ጥሩ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከበድ አድርገህ ግን ዝግ ብለህ። እንደ ዴድሊፍት (ጎንበስ ብሎ ክብደትን ከመሬት ማንሳት) ወደፊት የሚያጎነብስ ሥራ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ብዙ ሰው በእሱ ጀምሮ ነው የሚያበላሸው።

ሩጫውን ሙሉ በሙሉ አታቁም። እንጦጦን፣ ደረጃውንና ፍጥነትን ግን ለጊዜው እርሳቸው። ሜዳ ላይ፣ እርምጃህን አሳጥረህ ሩጥ። መለኪያህ የማግስቱ ጠዋት ነው፦ ስትሮጥ ህመሙ ከ10 ቢለካ ከ3 ካላለፈ፣ በነጋታውም ከነበረበት ካልባሰ፣ መንገድህ ልክ ነው። ከባሰ ቀንስ። ሥራ ላይ ደግሞ የኋላ ኪስህን ቦርሳ አውጣው፣ ተሳፋሪ በምትጠብቅበት ጊዜ ሁሉ ወርደህ ቁም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በሁለት ሳምንት አድንሃለሁ ለሚልህ ሰው ብር አትክፈል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ህመሙ የጀመረው በድንገት፣ አንድ ነገር የተበጠሰ ያህል ተሰምቶህ፣ ታፋህም ጠቁሮ ከነበረ ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም። ጅማቱ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ የአጥንት ሐኪም ይይህ።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። ብሽሽቴን ውስጥ ድረስ ያመኛል። በፊት ስሮጥ ብቻ ነበር፣ አሁን ስራመድም ያነክሰኛል፣ ሌሊትም ይቀሰቅሰኛል። ጾም ላይ ነኝ፤ ጠዋት ሮጬ የምበላው ከሰዓት ነው። ሌላ የሚያያዝ ይሁን አይሁን አላውቅም እንጂ የወር አበባዬም ከቀረ ወራት ሆኖታል። እርግዝና አይደለም፣ ተመርምሬያለሁ። ለብሽሽት የሚሆን ስፖርት ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስፖርት አልነግርሽም። ሩጫውን ዛሬ አቁሚና ሐኪም ጋ ሂጂ።

የብሽሽት ህመም አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ታፋ ጡንቻ ነገር ነው፤ ያንቺ ግን እንደዚያ አይመስልም። ማነከስ፣ የሌሊት ህመም፣ የወር አበባ መቅረት አንድ ላይ ሲመጡ የሚያሰጋው የጭን አጥንት አንገት ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ ነው፤ ስትረስ ፍራክቸር ይሉታል። እየሮጥሽበት ከቀጠልሽ ስንጥቁ ወደ ሙሉ ስብራት ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ኤክስሬይ ብዙ ጊዜ አያሳየውም፤ ስለዚህ «ኤክስሬዩ ደህና ነው» ቢሉሽ ረክተሽ አትመለሺ፣ ኤምአርአይ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። የወር አበባሽን ነገር ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እስከዚያ ክራንች ያዢ እንጂ ያንን እግር አትጫኚው።

ጾሙን አልነካብሽም። ግን የሚወጣው ጉልበት ከሚገባው ምግብ ሲበልጥ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል፤ ከሚቆጥባቸው ውስጥ የወር አበባና አጥንት ዋናዎቹ ናቸው። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 (በፈረንጆቹ) ለዚህ ችግር ሬድ-ኤስ የሚል ስም ሰጥቶታል፣ ወንዶችንም ይመለከታል። ጠዋት ረጅም ርቀት ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት፣ ከዚያም በትንሽ ጎመንና ሰላጣ መጨረስ ለሯጭ አይበቃም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ለውዙ፣ ሰሊጡ፣ ተልባው በደንብ መግባት አለበት። ከንስሐ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መፍትሔ አታጣም።

(ለሌሎቻችሁ፦ ሳታነክሱ ውስጥ ታፋችሁን ብቻ የሚያማችሁ ከሆነ ኳስ በጉልበታችሁ መካከል አድርጋችሁ መጭመቅ ጥሩ ጅማሬ ነው። ሲጠነክር የኮፐንሃገን የሚባለው እንቅስቃሴ አለ፤ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ወንበር ላይ ጭኖ ሰውነትን ማንሳት ነው። በ2019 (በፈረንጆቹ) የወጣ የኖርዌይ እግር ኳስ ተጫዋቾች ጥናት ይህን የሠሩት የብሽሽት ችግር ስጋታቸው በ41 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ተጫዋቾች እንጂ ሯጮች አልነበሩም፤ ጡንቻው ግን ያው ነው።)

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። ጣና ዳር ሶምሶማ እሮጣለሁ። ግራ መቀመጫዬን ያመኝና እስከ እግሬ ጣት ይነዝረኛል። ሳስል ይብሳል። የመቀመጫ ጡንቻ ነው ብለው ያሹኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጋሼ፣ የሚያምዎት መቀመጫዎ ይሁን እንጂ ምንጩ ወገብዎ ይመስላል። ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ የሚነዝርና ሲያስሉ የሚብስ ህመም አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ የሚወጣ ነርቭ ሲነካ የሚመጣ ነው። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። አይተኙ፣ ሶምሶማውን በእግር ጉዞ ይለውጡት፣ ወገብዎንም ማንም «ላቃናልዎ» ብሎ እንዳይጠመዝዘው። እግርዎ እየዛለ ከሄደ ሐኪም ያማክሩ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም በጭንዎ መካከል ከደነዘዘዎት ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም ሳይቆዩ ይታዩ፤ ቲቢ አከርካሪ ላይም ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከረጅም ሩጫ በፊት ዲክሎፌናክ መዋጥ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ጨጓራን ይጎዳል፣ ላብ በላብ ሆነህ ውኃ ሲያጥርህ ኩላሊትንም ያስቸግራል። ህመሙንም ስለሚሸፍነው የማቆሚያው ምልክት ይጠፋሃል።

መድኃኒት ከተነሳ አይቀር፦ ለታይፎይድም ለሽንት ቧንቧም በብዛት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማትን ሊጎዳ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 (በፈረንጆቹ) ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አድርጓል። ሐኪም ካዘዘልህ በራስህ አታቋርጠው፤ ሯጭ መሆንህን ንገረውና ሌላ አማራጭ ካለ ጠይቅ። እየወሰድክ ሳለ አዲስ የጅማት ህመም ከመጣብህ ግን ሩጫውን አቁመህ ያኔውኑ ደውልለት።