አዲል ኢማም በመድረክና በፊልም፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ግብፃዊው የኮሜዲ ተዋናይ አዲል ኢማም ትወና ተምሮ ነው?

መልስ፦ በ1940 ተወልዶ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ግብርና ነው። ትወናን የጀመረው በተማሪዎች ቴአትር ሲሆን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኮሜዲያኑ ፉአድ አል ሙሐንዲስ ጋር የጠበቃ ጸሐፊ ሆኖ በተጫወተባት ትንሽ ሚና ታወቀ።

ጥያቄ፦ ቴአትሮቹ ለምን ከሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማሉ?

መልስ፦ በዚያን ጊዜ በግብፅ የግል ቴአትር አንድ ሥራ ለዓመታት ሳይወርድ ይታይ ነበር። በ1985 የተጀመረው «አሽከሩ ሰይድ»ም፣ በ1993 የተጀመረው «መሪው»ም እንዲሁ ናቸው። ተዋናዩ ከድርሰቱ ወጣ ብሎ የሚጨምራት ቀልድ ካሳቀች በማግስቱ ትደገማለች፤ ካላሳቀች ትቀራለች። ተቀርጾ ወደ እኛ የደረሰው ቅጂ እንግዲህ የብዙ ምሽት ጭማሪ ያለበት ነው። ጉዳትም አለው፤ መካከል ላይ ታሪኩ ይላላል። ግን የአዲልን ችሎታ መድረክ ላይ እንጂ ፊልም ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ አታዩትም። ቀልዷን ጣል ያደርጋል፣ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል። ቢቸኩል ቀጣዩ ቃል በሳቅ ይዋጣል። ካሜራ ፊት ያለው እርጋታው የመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ስሠራ አረብኛ ለምጃለሁ፤ የእሱ ግን ያመልጠኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የካይሮው አነጋገር ስለሆነ ነው። «ጀ» ወደ «ገ» ይለወጣል፦ «ጀሚል» «ገሚል» ይባላል። «ቀ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዋጣል፦ «ቀልብ» «አልብ» ይሆናል። «እፈልጋለሁ» ሪያድ «አብጋ»፣ ቤይሩት «ቢዲ»፣ ካይሮ «አይዝ» ነው፤ ሴት ስትናገር «አይዛ»። «እንዴት» «ኢዛይ»፣ «አሁን» «ዲልወቲ»። እነዚህን ይዘሽ በፊልም ጀምሪ፤ ቴአትር ላይ ግማሹን ቃል የታዳሚው ሳቅ ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ፊልም?

መልስ፦ ከ«ሽብርና ከባብ»፣ 1992። ደራሲው ወሒድ ሐሚድ፣ ዳይሬክተሩ ሸሪፍ አረፋ ናቸው። አንድ አባት ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማዛወር ካይሮ ታህሪር አደባባይ ባለው፣ ያኔ የመንግሥት ቢሮዎች በነበሩበት ግዙፍ ሕንጻ ይመላለሳል። ግርግር ተነስቶ መሣሪያ እጁ ይገባል፤ ሳያስበው አጋች ይሆናል። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲባል ከታጋቾቹ ጋር ተመካክረው የሚያዙት ከባብ ነው። «ነገ ተመለስ» እየተባለ ቢሮ ለቢሮ የዞረ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ቀጥሎ «የያቁቢያን ሕንጻ»ን (2006) እዩ፤ ያረጀ ባለርስት ሆኖ ሳቁን ወደ ሐዘን ሲመልሰው ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ የሃይማኖት አክራሪዎችን የተቃወመው በፊልም ብቻ ነው?

መልስ፦ በፊልምማ በ1994 «ሽብርተኛው» ላይ ታጣቂውን ራሱ ሆኖ ተጫውቷል። ከዚያ በፊት ግን በ1988 አክራሪዎቹ ወደበረቱባት የግብፅ ከተማ አስዩት ቴአትሩን ይዞ ሄዶ አሳይቷል። በ2012 በቆዩ ሥራዎቹ ሃይማኖት ዘልፏል ተብሎ ሦስት ወር እስራት ተፈርዶበት ነበር፤ በይግባኝ ነጻ ወጣ።