ካቢኔታችን ለምን አበጠ? የኪችን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ኪችን ካቢኔት የምትጠይቁኝ ይበዛል። አይገርምም። ባሕር ዳር ላይ ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ ልብስ እንኳ በቀላሉ አይደርቅም።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ካቢኔታችሁ ከምን እንደተሠራ ሳታውቁ ምንም አትቀቡት። በሩን ክፈቱና ማጠፊያው የተበሳበትን ወይም ያልተሸፈነ ጠርዝ እዩ። የእንጨት ፍርፋሪ ከታያችሁ ቺፑድ ነው። ድፍን ያለ፣ ደቃቅ ቡናማ ከሆነ ኤምዲኤፍ ነው። የእንጨቱ መስመር ከፊቱ እስከ ጠርዙ ከዘለቀ ጣውላ ነው።

ነጭ የኤምዲኤፍ ካቢኔት ካሠራን ሦስት ዓመታችን ነው። የታችኞቹ በሮች ጠርዛቸው አብጦ ሽፋኑ እየተላጠ ነው። ውኃ ደፍተንበት አናውቅም። ምን ነካው? (ከሽምብጥ)

እህቴ፣ ወለሉን እንዴት ነው የምታጥቢው? ብዙዎቻችን ውኃ በባልዲ እንደፋና በመጥረጊያ እንገፋለን። ያ ውኃ ካቢኔቱ ሥር ገብቶ ይተኛል። ኤምዲኤፍ ደቃቅ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ፊቱ ቢሸፈንም የተቆረጠው ጠርዝ ውኃ ይመጥጣል። አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ቀለም ቢደረብበትም መልሶ ይላጣል። ስለዚህ ያበጡትን በሮች አስቀይሪ፣ ጤነኞቹን አድኚ።

እንዴት? ወለሉን በተጨመቀ ጨርቅ ወልውዪ። በበጋ፣ እንጨቱ በደንብ ሲደርቅ፣ የበሮቹን የታች ጠርዝ ቫርኒሽ አስቀቢ። የሲንኩን ዙሪያ በሲሊኮን አስደፍኚ። አናጺው የፕላስቲክ እግር ቢያስገባለት ደግሞ ካቢኔቱ ከወለል ከፍ ስለሚል በጣም ይጠቅማል።

የኤሌክትሪክ ምጣድሽንም እዪው። ከላይኛው ካቢኔት ሥር ከሆነ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ የበሩን የታች ጠርዝ ይመታል። ምጣዱን ወደ መስኮት አስጠጊው። ካቢኔት በቆሻሻ ሲበላሽ ያየሁት ጥቂት ነው፤ በውኃ ሲበላሽ ያየሁት ግን ብዙ ነው።

ጣና ዳር አሳ ጠብሰን እንሸጣለን። የፎርማይካው ካቢኔት ቢጫ ሆኖ ይጣበቃል። በሽቦ ብፈገፍገው ይለቃል? እርድ የነካው ቦታም አለ።

ሽቦውን ተወው ወንድሜ። ይለቃል፣ ግን ፊቱን ይቧጭረዋል። ከዚያ በኋላ ቅባቱ ጭረቱ ውስጥ ይገባና ጭራሽ አይወጣም። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ላርጎ ጨምር፣ ጨርቁን ነክረህ ጨምቅና ቅባቱ ላይ ለጥፈው። አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ፎርማይካው ሳይሆን ቅባቱ ነው መራስ ያለበት። ከዚያ ጥረገው፣ በንጹሕ ውኃ ድገመው፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው። ሥራ ስትጨርሱ በየማታው ብትጠርጉት ይህ ሁሉ ልፋት አይመጣም።

እርድ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ሊያደላ ይችላልና አትደንግጥ። ቀለሙ በአልኮል ይሟሟል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የአልኮል ሳኒታይዘር ካለ በጨርቅ ንካው፤ ምድጃ ከጠፋ በኋላ ብቻ፣ አልኮል እሳት ይይዛልና። የቀረውን ፀሐይ እያደር ያደበዝዘዋል። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ላይ ግን አልኮል አትሞክር፤ ቫርኒሹን ሊያነሣው ይችላል።

ከዋንዛ የተሠራ የቆየ የዕቃ ቁምሳጥን አለኝ። ደብዝዟል። ልጆቼ የኑግ ዘይት ቀቢው ይሉኛል። (ከዘጌ፣ አንዲት እናት)

እናቴ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ዋንዛ የመሰለ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል? የኑግ ዘይቱን ለወጥ ያስቀምጡት። በደንብ አይደርቅም፤ ይጣበቃል፣ አቧራና ጥላሸት ይሰበስባል፣ ይሸታል።

መጀመሪያ ጠብታ ውኃ ያድርጉበት። ጠብታው ቅርጹን ይዞ ከቆመ ቫርኒሹ ደኅና ነው፤ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርገው ማድረቅ ይበቃዋል። ውኃው ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ግን ቫርኒሹ አልቋል። በደረቅ ወቅት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለው ያስፈትጉትና ቫርኒሽ ያስቀቡት። ወይም ለእንጨት የተዘጋጀ የተልባ ዘይት በስሱ ያስቀቡት፣ ትርፉን በጨርቅ ያስነሡ።

እዚህ ላይ አደራዬ ከባድ ነው። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ አይጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ከሲንክ ሥር ሻጋታ ወጣ። በረኪናና አቼቶ ብቀላቅል ይበረታል አሉኝ።

በፍጹም እንዳትቀላቅል! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በዚያች ጠባብ ቦታ አንገትህን አስገብተህ ስትተነፍሰው ሳንባህን ይጎዳል። ሎሚም ከበረኪና ጋር ያው ነው።

ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ከሆነ መጀመሪያ አሠራ። ሻጋታውን በሳሙና ውኃ ጥረግ፣ በሮቹን ከፍተህ አድርቅ። ክረምቱን ሙሉ ቀን ቀን ክፍት ይሁኑ።

የተከራየሁበት ቤት የብረት ካቢኔት አለው። ዝገት ጀምሮታል።

ቀላል ነው። የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊና ዱቄቱን ጥረጊ። አንታይረስት ቀቢ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቀለሙን ደርቢ። አከራይሽን ግን ቀድመሽ አስፈቅጂ፤ የቀለሙን ወጪ ማን እንደሚችልም ያኔውኑ ተነጋገሩ።