አባቴ ኒሞኒያ የያዛቸው አንገታቸው ስለተበሳ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ስትሮክ መቷቸው አይሲዩ (ጽኑ ህሙማን ክፍል) ገብተው ሁለት ሳምንት የመተንፈሻ ማሽን ላይ ቆዩ፣ ከዛ ትራኪዮስቶሚ (አንገት ተበስቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት) ተሰራላቸው፣ አሁን ደግሞ ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ተባለ፣ «አንገታቸው እንዲበሳ ባንፈርም ኖሮ ይቀር ነበር ወይ» ነው ያልሽው። እኔ አይሲዩ ነርስ ነኝ፣ በመፈረማችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ማሽን ላይ ያለ ሰው ቱቦው በአፉም ይግባ በአንገቱ ለኒሞኒያ የተጋለጠ ነው። ሳሉ ደክሟል፣ መዋጥ አይችልም፣ ምራቁ ወደ ታች ይወርዳል። ቱቦው ጫፍ ላይ ካፍ የሚባል በአየር የሚነፋ ነገር አለ፣ መንገዱን ይዘጋል ግን ሙሉ ለሙሉ አይደለም፣ ከላዩ የተጠራቀመው ምራቅ በጎን በጎኑ ሾልኮ ሳንባ ይገባል። ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውሃ (cmH2O) መሆን አለበት፣ በመለኪያ ነው የሚታየው፣ ከላላ ያሾልካል ከጠበቀ ደግሞ የአየር ቧንቧውን ያቆስልና ቆይቶ በጠባሳ ያጠበዋል። «ዛሬ ካፉ ተለክቷል?» ብለሽ ብትጠይቂ ማንም አይቀየምሽም።

እናንተ ልታደርጉት የምትችሉት ብዙ ነው። ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል፣ በተለይ በአፍንጫው ቱቦ አጥሚት ወይ ሾርባ ሲሰጥ፣ ብዙ ጊዜ አንሶላ ለመቀየር ዝቅ ይደረግና እዛው ይረሳል። ጥርሳቸው በብሩሽ ይጽዳ። እና እባክሽ ጠበል በማንኪያ አፋቸው ውስጥ አታድርጉ፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ግንባራቸውን ደረታቸውን ቀቡላቸው፣ ግን መዋጥ መቻላቸው ሳይፈተሽ በአፍ የገባ ጠብታ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። በፍቅር ተደርጎ ሰው ሲጎዳ ማየት በጣም ያመኛል።

ሌላው ሁሉ ነገር ኒሞኒያ አይደለም። አየሩ አሁን በአፍንጫ ስለማያልፍ አይሞቅም አይረጥብም፣ አክታው ይደርቃል። አንድ በሽተኛ ሌሊቱን ሙሉ በላብ ተጠምቆ ሲታገል አድሮ «ኢንፌክሽኑ ባሰበት» ተብሎ ኢነር ካኑላውን (የውስጠኛዋን ቱቦ) ሳወጣ ቡናማ አክታ ዙሪያውን እንደ ሙጫ ደርቆ መሀሉ ላይ ክብሪት እንጨት ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ቀርታለች፣ አጥበን ስንመልሰው ወዲያው ኦክስጅኑ ወጣለት። ስለዚህ ትንፋሽ ሲቸግራቸው መጀመሪያ ቱቦው ይታይ፣ ሳክሽንም (አክታውን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ) ሲደረግ አንዱ ዙር ከ15 ሰከንድ አይብለጥ።

ሁለት ነገር ካየሽ ደግሞ ጩሂ። በመጀመሪያው ሳምንት ቱቦው ከወጣ ቤተሰብ መልሶ እንዳይከተው፣ መንገዱ ገና ስላልጸና ሌላ ቦታ ይገባል። ከቱቦው ደማቅ ደም ከመጣ ትንሽም ብትሆን ቆመችም ብለሽ አትተዪው፣ አልፎ አልፎ ቱቦው ትልቅ ደም ስር በልቶ የሚመጣ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 4 ሳምንታት፣ ዶክተር በሰዓቱ ይየው።

መድሃኒቱን በተመለከተ ውድ አንቲባዮቲክ ከውጭ ግዙ ከመባላችሁ በፊት የአክታ ካልቸር (የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድሃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ) ተልኳል ወይ በይ፣ እዚህ አይሲዩ ውስጥ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ብዙውን መድሃኒት የለመዱ ናቸው። ካልቸሩ ላይ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ ደግሞ ታመዋል ማለት አይደለም፣ ቱቦው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከትኩሳቱ ከአክታው መብዛት ከኦክስጅኑና ከራጁ ጋር ነው የሚታየው። ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳሻለሁ፣ መድሃኒት መምረጡን ግን ለሐኪማቸው ተዪው።