ጎማ ከመግዛትህ በፊት ንፋሱን ውጭ ለካው

ከሚኒሶታ የጻፈልን አንባቢ ያማሃ ራፕተር 700 የተባለ ያገለገለ የስፖርት ኳድ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ገዝቷል። በበረዶ ሊነዳው ቢሞክር አልሆነለትም። መሪውን ሲያዞር ኳዱ አይታዘዝም፤ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት እየተሽከረከሩ፣ ሆዱ በረዶው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይቆፍራሉ። ጋራዥ ውስጥ የተሞላው ንፋስም ውጭ ሲወጣ ይቀንሳል፤ እንዲያውም የግራው የኋላ ጎማ መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ወልቆበታል። አንድ ሻጭ «25 ኢንች የጭቃ ጎማ ግጠምበት» ብሎታል። «የትኛውን ልግዛ?» ነው ጥያቄው። ፎቶም አያይዟል።

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ኪስህ አቆየው። ዓይኔን የያዘችው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ማታ ጋራዥ ሳስገባው ደግሞ ጎማው ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ» ብለሃል። የተበሳ ጎማ ተመልሶ አይሞላም። ስለዚህ ዋናው ጥፋተኛ ብርዱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ከፎቶው ነው። የኋላ ጎማህ ላይ ያሉት ከዳር እስከ ዳር የተጋደሙ ምላሶች የአሸዋ ናቸው። የፊቱም ልሙጥ ነው፤ መሃሉ ላይ አንዲት መስመር ብቻ አለችው። ኳድህ ከአሸዋ ነው የመጣው።

ስለ ብርዱ ትንሽ ልበል። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

የንፋስ መለኪያ ጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት አያሳይህም። ከውጭው አየር የሚበልጠውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። የውጭው አየር ራሱ በባሕር ወለል ከፍታ 14.7 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት የግፊት መለኪያ) ይገፋል። ስለዚህ መለኪያው 5 ሲል ውስጥ ያለው 19.7 ነው። ብርድ ደግሞ የሚቀንሰው ከጠቅላላው፣ ከ19.7ቱ ላይ ነው። ጋራዥህ 70 ፋራናይት ቢሆንና ውጭው 0 ቢሆን ጠቅላላው ግፊት 13 በመቶ ያህል ይወርዳል። 19.7 የነበረው 17.1 ይሆናል። ከዚያ ላይ 14.7ን ቀንስ፤ 2.4 ቀረህ። 5 ሞልቼ ወጣሁ ትላለህ፣ የምትነዳው ግን ከግማሽ በታች በሆነ ንፋስ ነው። መኪናህ ላይ ይህ ጎልቶ አይታይም፤ 35 የሞላኸው ወደ 28 ይወርዳል፣ አንድ አምስተኛውን ቢያጣ ነው። ኳድ ግን ከመነሻውም የያዘው ትንሽ ነው። በ2.4 መታጠፊያ ውስጥ ስትገባ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ይላቀቃል፣ በረዶ ይሰነቀርበታል፣ ከዚያ ይወልቃል። የግራው ጎማህ የደረሰበት ይኸው ነው።

ስለዚህ ኳዱን አውጣውና አንድ ሰዓት ያህል ብርድ ላይ ይቁም። ከዚያ እዚያው ውጭ ሆነህ ለካና ሙላ። ኳዱ ላይ የተለጠፈውን የንፋስ ጽሑፍ ፈልግ፤ «ዝቅተኛ» ከሚለው ቁጥር በታች አትውረድ። መለኪያው ደግሞ ከ0 እስከ 10 ወይም እስከ 15 የሚያነብ ይሁን። ነዳጅ ማደያ ደጃፍ የሚሸጠው፣ እስክሪብቶ የሚመስለው ርካሽ መለኪያ 5ን ከ3 አይለይም። ሰው ሁለት መቶ ዶላር ጎማ ላይ አውጥቶ መለኪያ ላይ ሲሰስት ይገርመኛል።

ቸርኬው ጠርዝ ላይ የደረቀ ሲሊኮን ይታየኛል። የሆነ ሰው ንፋስ እንዳያፈስ ብሎ ቀብቶታል። ይህ ጥገና አይደለም፣ ለሚቀጥለው ሰው ሥራ መጨመር ነው። ጎማውን ስታወልቅ በፕላስቲክ ፋቀው፤ በካቻቢቴ ከነካኸው አሉሚኒየሙን ትቧጭረውና ያኔ እውነተኛ ማፍሰሻ ትከፍታለህ።

አሁን ወደ ጎማው። ከፊት ጀምር። አብዛኛው ሰው የኋላውን ገዝቶ ሲጨርስ ስለ ፊቱ ያስባል፣ የስፖርት ኳድ ግን እንደዚያ አይደለም። የኋላው አክስል አንድ ወጥ ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት የሚያዞር ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እየዞሩ ኳዱን ቀጥታ ይገፉታል። ፊቱ በረዶውን ካልነከሰ የሚገፋው ያሸንፋል፣ መሪውም ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ ፊት ለፊት ጠባብና ረዘም ያለ፣ ትከሻው ላይ ሹል ጥርስ ያለው ጎማ ያስፈልግሃል። ከፋብሪካ የመጣው 21 በ7 በ10 ነው፤ ቁመት፣ ስፋትና የቸርኬ መጠን፣ ሁሉም በኢንች። 22 በ7 በ10 ፈልግ። ሰፊ የፊት ጎማ በረዶው ላይ ይንሳፈፍብሃል።

ለኋላው 20 በ10 በ9 ነው የመጣው። በ20 ወይም በ22 ቁመት፣ በ11 ስፋት፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ብሎ የተተከለ የጫካ ጎማ ግዛ። ጥርሶቹ ከተጠጋጉ በረዶው መሃላቸው ይጠቀጠቅና ጎማህ ልሙጥ ይሆናል። ያለህ የአሸዋ ጎማ ጥልቅ ዱቄት በረዶ ላይ ቀጥታ ይሄድልሃል፣ አልክድም። የተረገጠ መንገድ ላይ ግን ያንቀጠቅጥሃል፣ ግግር በረዶ ላይ ደግሞ ምንም አይረዳህም።

የሻጩን 25 ኢንች እርሳው። መከላከያውን ይፈትጋል፣ ይከብዳል። ማርሽህንም ሩብ ያህል ያረዝመዋል፣ ክላችህን ታቃጥላለህ። ባለ 6 ፕላይ፣ ማለትም ግድግዳው ወፍራም የሆነ ጎማም አትግዛ። ወደ 190 ኪሎ ለሚመዝን ኳድ ግድግዳው በጣም ደረቅ ነው፣ ብርድ ላይ አይተጣጠፍም። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ጎማ ደግሞ ክረምት ሲገባ እንደ ሳንቃ ይደርቃል።

ከኋላ 22ቱን ከገጠምክ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን የፊተኛውን ጥርሳማ ጎማ አንድ ጥርስ ባነሰው ቀይር። አንድ ነገር ደግሞ በማስመሪያ ለካ፦ ከመሬት እስከ ኋላ አክስሉ ዝቅተኛ ቦታ፣ ማለትም ትልቁ የሰንሰለት ጥርሳማ ጎማና የፍሬኑ ዲስክ ያሉበት። በረዶው ከዚያ ከጠለቀ የትኛውም ጎማ አያወጣህም።

ሲገጠም ተጠንቀቅ። ጎማውን ቤት አስገብተህ አሙቀው፣ ጠርዙን ሳሙና ቀባ፣ ንፋስ ሙላ። ጠርዙ ጧ ብሎ ቦታው ይገባል። ካልገባ ግን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ቁጥር አትለፍ። አትለፍ! ንፋሱን አውጣ፣ ሳሙናውን ጨምር፣ እንደገና ሞክር። አፉ ቫልቩ ላይ የሚቆልፍ ረጅም ጎማ ቱቦ ተጠቀምና ራቅ ብለህ ቁም። ፊትህን ከላዩ አታድርግ። ኢንተርኔት ላይ እንደምታየው ነዳጅ ነፍተህ ክብሪት አትጫርበት፤ ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። እምቢ ካለህ ጎሚስታ ጋ ውሰደው።

ሐይቅ ላይ ልነዳ ካልክ የበረዶ ብሎን ጥርሱ ላይ ይታሰራል። ከመግዛትህ በፊት የጥርሱን ጥልቀት ለካ፤ የረዘመ ብሎን ውስጥ ድረስ ይበሳል። ብሎን ያለው የኋላ ጎማ እግር ከያዘ ምሕረት የለውም፤ በእግር ማሳረፊያውና በኋላ ጎማው መሃል የጎን መከላከያ ሳይኖር አትሞክረው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት (ዲኤንአር) ለትንሽ ኳድ ሐይቁ ላይ ከ5 እስከ 7 ኢንች ውፍረት ያለው አዲስ ጥርት ያለ ግግር በረዶ ይላል። ነጭ ከሆነ እጥፍ ይሁን። ጎማው ላይ የበረዶ ሰንሰለት ማሰርም ይቻላል፣ ግን የኋላ አክስሉን ከያዘው ክንድ ጋር እንዳይጋጭ ጎማውን በእጅህ አዙረህ እይ።

አንዳንዱ ጎማ ጎኑ ላይ ቀስት አለው፤ አዟዟሩን ሳታይ አትግጠም። የቸርኬውን ብሎኖች በኳዱ መመሪያ መጽሐፍ ልክ እሰር፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ደግመህ አጥብቅ። ጠርዙ እንደገና ከወለቀ ደግሞ ያንኑ አስታውስ፦ ሳሙና ጨምር፣ ከተጻፈው ቁጥር ግን አትለፍ።